ከአንዲት ሽንፈት የተወለደ አሰልጣኝ፦ የዳን ጌብል ጉዳይ ለአዳማ የትግል አሰልጣኞች

ሜዳሊያ ያመጣ ስፖርተኛ አሰልጣኝነት አያቅተውም የሚል እምነት አገራችን ውስጥ ሥር ሰድዷል። የራሳችን ታሪክ ግን አይመሰክርለትም። አበበ ቢቂላን ያሰለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አልነበራቸውም። ደራርቱንና ኃይሌን ለወርቅ ያበቁት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም እንደዚሁ። ከአዳማ በአሰላ በኩል የሚኬድባት በቆጂ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነላት አንድ የትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ፣ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ሻምፒዮን ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናል ወይ?» አይደለም። ሻምፒዮን የነበረ ሰው ከራሱ የትኛውን ለሰልጣኞቹ ማስተላለፍ ይችላል፣ የትኛውንስ ለራሱ ማስቀረት አለበት የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር በትግል ስፖርት ውስጥ የአሜሪካዊውን የዳን ጌብልን ያህል የተሟላ ጉዳይ አናውቅም። ሰውየው በተፎካካሪነት ጫፍ ደርሷል፣ በአሰልጣኝነትም ጫፍ ደርሷል፤ በሁለቱም ውስጥ ደግሞ አንድ አንድ ትልቅ ሽንፈት አለ። አዳማ ውስጥ ወጣት ሰብስቦ ትግል ለሚያሠራ ሰው ከድሎቹ ይልቅ ሽንፈቶቹና ከእነርሱ በኋላ የተደረጉት ለውጦች ይጠቅሙታል ብለን ስለምናምን፣ ይህ ጽሑፍ እዚያ ላይ ይቆያል። ትግል ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው፣ በኦሮምኛም «ወልኣንሶ» ይባላል። እንግዳ የሚሆነው ነፃ ትግል (በኦሊምፒክ የምናየው «ፍሪስታይል») የሚጠይቀው የነጥብ፣ የሰዓትና የክብደት ሥርዓት ነው። ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና 181 ድሎች

ዳን ጌብል በኦክቶበር 25 ቀን 1948 በአዮዋ ግዛት፣ ዋተርሉ በምትባል ከተማ ተወለደ። 15 ዓመቱ ሳለ፣ በ1964፣ የ19 ዓመት ታላቅ እህቱ በገዛ ቤታቸው ውስጥ ተገደለች። ወላጆቹ በዚያ ቤት መኖር ሲከብዳቸው ልጁ የራሱን ክፍል ትቶ ወደ እህቱ ክፍል ገባ። ይህን የምናነሳው ለማሳዘን አይደለም። በኋላ ሰዎች «ጭካኔ» የሚሉት የልምምድ ጽናቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ጽናቱን ብቻ ለመቅዳት የሚሞክሩ አሰልጣኞች ስላሉ ነው። ያ ልጅ ቤተሰቡ እንዳይፈርስ የሚሠራ ልጅ ነበር። የእርሱን ዓይነት መነሻ ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም፤ ደግሞም ማንም ሊመኘው አይገባም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 64 ጊዜ ተፋልሞ 64 ጊዜ አሸነፈ። ከዚያ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደናገር፦ ተማሪ ሆኖ የተፋለመው ለአዮዋ ስቴት ነው፤ በኋላ አሰልጣኝ የሆነው ግን በተቀናቃኙ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኮሌጅም በ1968 እና በ1969 የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ለሦስተኛው ፍጻሜ ሲቀርብ የኮሌጅ ውጤቱ 117 ለ 0፣ ከሁለተኛ ደረጃው ጋር ሲደመር 181 ለ 0 ነበር።

ማርች 28 ቀን 1970

ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ነው። በኢሊኖይ ግዛት፣ ኤቫንስተን ውስጥ በተደረገው የ142 ፓውንድ (64.4 ኪሎ ግራም) ፍጻሜ ጌብል በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲው ላሪ ኦዊንግስ 13 ለ 11 ተሸነፈ። በኮሌጅ ዘመኑ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሽንፈት ይህ ነው።

እንዴት ተሸነፈ? ኦዊንግስ ቀድሞ መራ። ጌብል ደረሰበትና አለፈው፤ 10 ለ 9 እየመራ ግጥሚያው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቀረው። ኦዊንግስ በዚያች ቅጽበት ጥሎት ጀርባውን ወደ ምንጣፉ አዞረው፦ ለመጣሉ 2፣ ለጀርባው 2፣ ድምሩ 4 ነጥብ። ጌብል በላይኛነት ለቆየበት ጊዜ ያገኘው 1 ነጥብ አላዳነውም።

ምክንያቱን ስንዘረዝር አንድ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። ኦዊንግስ ክብደቱን ቀንሶ ወደዚያ ምድብ የወረደው ጌብልን ለመግጠም መሆኑን አስቀድሞ በይፋ ተናግሮ ነበር፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሲዘጋጅ ከርሟል። ጌብል ግን ከፍጻሜው በፊት ያለ ሽንፈት ስለሚጨርሰው ዘመኑ ለቴሌቪዥን ቀረጻ ሲደጋግም ነበር። ከሁለቱም በላይ ክብደት የምንሰጠው ሦስተኛ ምክንያት አለ። 181 ጊዜ ያሸነፈ ሰው በመጨረሻው 30 ሰከንድ በ1 ነጥብ ልዩነት የመቆም ልምምድ የለውም። ተጋጣሚዎቹ ከዚያ በፊት ይዝላሉ፤ እርሱ ሁልጊዜ ሩቅ ሆኖ ይመራል። ጉልበቱ ፍጹም ስለነበር ጉልበት የማይፈታት አንዲት ሁኔታ ሳትፈተን ቀረች።

ለአሰልጣኝ ይህ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሜዳ የሚወርድ ነገር ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ጠንካራ ልጅ ካለህ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስድስት ደቂቃ ሙሉ ብታፋልመው የሚማረው ማሸነፍን ብቻ ነው። ሰዓቱን 30 ሰከንድ ላይ አስቀምጥ፤ «1 ነጥብ እየመራህ ነው» በለው፤ ፉጨቱን ንፋ። ከዚያ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ አሳርፈህ ሚናውን ገልብጥ፦ አሁን 1 ነጥብ እየተመራ ነው። በአንድ ልምምድ ስድስት ጊዜ ይበቃል። በዛሬው የነፃ ትግል ደንብ ከክቡ የተገፋ ሰው ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ጥሎ መቆጣጠር 2፣ ጀርባን ማሳየት 2 ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ በ1 ነጥብ የሚመራ ልጅ በቀጥታ ወደኋላ ከሸሸ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ብርቱካናማው ጠርዝ ላይ ይደርሳል፤ ያ ጠርዝ 1 ሜትር ብቻ ነው። በልምምድ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ይሄው ነው። ማድረግ ያለበት በጎን እየዞረ ወደ መሐል መመለስ፣ የተጋጣሚውን የእጅ አንጓ መያዝ፣ ግንባሩን ከተጋጣሚው ግንባር ወይም አገጭ ሥር ሳያነሳ ማቆየት ነው። ጭንቅላቱን ያነሳ ዕለት እግሩ ተይዟል።

ጌብል ራሱ ያ ሽንፈት ባይኖር ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንደማይደርስ ደጋግሞ ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1971፣ ሶፊያ ላይ በ68 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለሙኒክ በተደረገው የአሜሪካ ማጣሪያ ከኦዊንግስ ጋር እንደገና ተገናኝተው አሸነፈው።

ሙኒክ፣ ነሐሴ 1964 ዓ.ም.

በ1972ቱ ኦሊምፒክ (በእኛ ነሐሴ 1964 ዓ.ም. መጨረሻ) ጌብል በ68 ኪሎ ስድስት ጊዜ ተፋልሞ ስድስቱንም አሸነፈ፤ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ ደግሞ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ተሰፋ። በመጨረሻ የሶቪየቱን ሩስላን አሹራሊየቭን 3 ለ 0 ረታ። ብሩን የጃፓኑ ኪኩዎ ዋዳ፣ ነሐሱን አሹራሊየቭ ወሰዱ። ለእኛ አንባቢ ያ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጡበት፣ ምሩጽ የ5,000 ሜትር ማጣሪያው ያመለጠውም ነው።

ለዚህ ድል ሲዘጋጅ በቀን ሰባት ሰዓት ይሠራ ነበር ይባላል፤ ከስሙ ጋር አብሮ የሚነሳው ቁጥር ይህ ነው። እኛ ደግሞ አሰልጣኞች ከዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ መርሳት ያለባቸው ይህን ቁጥር ነው እንላለን። ሰባት ሰዓቱ የአንድ ሙሉ ጊዜ ስፖርተኛ፣ የ23 ዓመት ጎልማሳ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ የተገነባ አካል ውጤት ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ምሳውን በልቶ ወይም ሳይበላ፣ በባጃጅ ወይም በእግሩ ወደ ልምምድ ለሚመጣ የ16 ዓመት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 90 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ ውስጥ 15 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያና መንከባለል፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ቴክኒክ ያለ ተቃውሞ፣ 25 ደቂቃ እውነተኛ ፍልሚያ በአጫጭር ዙሮች፣ የቀረው የአንገትና የእጅ ጥንካሬ ሥራና ማብረጃ። አንገቱን በቅጡ ያላጠነከረ ልጅ ወደ ፍልሚያ መግባት የለበትም፤ ጀርባው እንዳይነካ በጭንቅላቱ ሲደግፍ ጉዳቱ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

አራት ዓመት በረዳትነት

የኦሊምፒክ ሻምፒዮን፣ በአገሩ የታወቀ ስም፣ በ1972 ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አልነበረም። ለዋና አሰልጣኙ ለጋሪ ከርደልማየር ረዳት ሆኖ አራት ዓመት ሠራ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡድኑ በ1975 እና በ1976 የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ ወሰደ። ከ1976-77 የውድድር ዘመን ጀምሮ ዋናውን ቦታ ተረከበ።

ይህ ክፍል በአብዛኛው በአንድ መስመር ታልፎ ይሄዳል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ረዳት አሰልጣኝ ምንጣፉ ላይ ይውላል። ጎበዙን ብቻ ሳይሆን ደካማውን፣ ሰነፉን፣ የሚፈራውን በእጁ ይዞ ያየዋል። ሻምፒዮን ሆኖ ያለፈ ሰው በራሱ አካል የማያውቀው አንድ ነገር ቢኖር «ለምን አልገባውም?» የሚለውን ነው። እርሱ አንድ ጊዜ አይቶ የያዘውን እግር ማንሳት ሌላው መቶ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ሜዳሊያ ያለውን ሰው በአንድ ጊዜ የክለብ ኃላፊ የሚያደርግ አሠራር ይህን የመማሪያ ጊዜ ይነጥቀዋል፤ ጉዳቱም በሰልጣኞቹ ላይ ይወድቃል።

ክፍሉ

ጌብል በዋና አሰልጣኝነቱ ያመጣው ትልቁ ነገር አዲስ የእግር ጥልፍ አይደለም። የልምምድ ክፍሉን ነው። አንድ ሰው በሰባት ሰዓት ለራሱ ያገኘውን ጫና፣ ክፍሉ ራሱ ለሁሉም እንዲሰጥ አደረገው። መሣሪያው አጋር ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ በክብደትም በችሎታም የሚቀርበው፣ ከተቻለም ትንሽ የሚበልጠው ሰው በየቀኑ እንዲገጥመው ማድረግ። ከቡድኑ የወጡትን ሰዎች ስናይ ይህ ይታያል። ኤድና ሉ ባናክ መንታ ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1984ቱ ኦሊምፒክ ኤድ በ90 ኪሎ፣ ሉ በ100 ኪሎ ሁለቱም ወርቅ አገኙ። ከዚያ ትውልድ በኋላ የመጡት ቶምና ቴሪ ብራንድስም መንትዮች ናቸው፤ ቶም በ1996 ወርቅ፣ ቴሪ በ2000 ነሐስ። መንታ ወንድም ማለት በየቀኑ ቤት ውስጥ ያለ እኩያ ተጋጣሚ ነው። ሌላው ያንን ዕድል ካላገኘ አሰልጣኙ መፍጠር አለበት።

ሰው በሌለበት እንዴት? በአንድ ቀበሌ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራ ቡድን 12 ልጅ ቢኖረው ሁለት እኩያ አያገኝ ይሆናል። የሚሠራው መንገድ አንዱን መሐል አቁሞ ትኩስ ተጋጣሚ በየደቂቃው ማስገባት ነው። ስድስት ልጅ በተራ አንድ አንድ ደቂቃ ሲገባ መሐል ያለው ስድስት ደቂቃ ይፋለማል፤ ይህም የዛሬው ግጥሚያ (ሁለት ዙር፣ በየዙሩ ሦስት ደቂቃ፣ በመሐል 30 ሰከንድ እረፍት) ያህል ነው። ደካሞቹም ትኩስ ሆነው ስለሚገቡ ለጠንካራው እውነተኛ ፈተና ይሆናሉ። አደጋው ግልጽ ነው፦ የዛለ ልጅ ቁመቱን ያነሳል፣ ጉልበቱን ያቆልፋል፣ ሲወድቅ በተዘረጋ ክንድ ይደገፋል፤ ክርንና ትከሻ የሚወልቀው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያው ወር ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ 30 ሰከንድ አራት ጊዜ ይበቃዋል። አቋሙ ሲፈርስ ሰዓቱ ቢቀርም ይቁም። በዚያ ሁኔታ የሚሠራው እያንዳንዱ ድግግሞሽ ስህተቱን ነው የሚያስለምደው።

ስለ ምንጣፉም አንድ ነገር እንበል። የውድድር ምንጣፍ 12 በ12 ሜትር ሲሆን ክቡ 9 ሜትር ስፋት አለው። ለልምምድ አንድ ጥንድ ቢያንስ 3 በ3 ሜትር ይፈልጋል፤ በስሌት 16 ጥንድ ይገባል ማለት ነው፣ በተግባር ግን ከ10 ወይም 12 ጥንድ ሲበልጥ አንዱ ሌላው ላይ ይወድቃል። ደረጃውን የጠበቀ ምንጣፍ ከሌለ ብዙዎች የአልጋ ስፖንጅ ይደረድራሉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው፦ ስፖንጁ ለስላሳ ስለሆነ እግር ይሰጥምበትና ሰውነት ሲዞር የጉልበት መገጣጠሚያ ባለበት ይቀራል፤ በሁለት ስፖንጅ መሐል ባለው ክፍተት ደግሞ የእግር ጣት ይያዛል። ወፍራሙ ሳይሆን ጠጣሩ ነው የሚፈለገው። ጠጣር ስፖንጅ ካልተገኘ የተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተወጠረ ሸራ የተሻለ ነው፤ ሰጋቱራው ዝናብ እንዳይገባው እንጂ፤ ከረጠበ ይሻግታል። ሸራውም ሆነ ምንጣፉ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይጠረግ፣ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ10 ሊትር ውሃ በዕለቱ ተበጥብጦ ይታጠብበት፤ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ጭርት ቡድን የሚበትነው ከአንድ ልጅ ክንድ ጀምሮ ነው፤ ጭርት ያለበት ልጅ ታክሞ እስኪድን ፍልሚያ አይገባም።

ቁጥሮቹ ባጭሩ

በ21 ዓመት ዋና አሰልጣኝነቱ የጌብል ቡድን 355 ግጥሚያ አሸንፎ በ21 ተሸንፎ በ5 አቻ ወጣ። 15 የአገር ዋንጫ ወሰደ፤ ከእነዚህ ዘጠኙ ከ1978 እስከ 1986 በተከታታይ የመጡ ናቸው። 45 ግለሰብ የአገር ሻምፒዮኖችና 12 ኦሊምፒያኖች ከእጁ ወጡ። በ1980 የኦሊምፒክ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበር፤ አሜሪካ በሞስኮው ኦሊምፒክ አልሳተፍም ስላለች ቡድኑ ቤቱ ቀረ። ያ ኦሊምፒክ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ያመጣበት ነው። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ የጌብል ቡድን በነፃ ትግል 7 ወርቅና 2 ብር አገኘ፤ በዚያኛው ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ አልተገኙም። ሰባቱን ወርቅ ስንቆጥር ይህን መዘንጋት ተገቢ አይደለም። የአዮዋ ልጆች የሆኑት ራንዲ ሉዊስ፣ ሁለቱ ባናኮችና ባለ ብሩ ባሪ ዴቪስ ግን የዚያ ክፍል ፍሬ መሆናቸውን የሚክድ የለም።

ክብደት መቀነስ፦ መወሰድ የሌለበት ውርስ

የዚያ ዘመን የአሜሪካ ትግል ሳውና፣ የላስቲክ ልብስና ውሃ ጥም ያለበት ነበር። ጌብልም በሳውና ወዳድነቱ ይታወቃል። ይህን ወደ አዳማ ይዞ መምጣት አደገኛ ነው፤ በግልጽ እንናገረው። በ1997 መጨረሻ፣ ጌብል ባቆመበት ዓመት፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ትግለኞች ክብደት ለመቀነስ ሲሞክሩ ሞቱ። መንገዱ አንድ ዓይነት ነበር፦ ምግብና ውሃ መከልከል፣ ላብ የማያስወጣ ልብስ መደረብ፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ መሥራት። ላቡ ሳይተን ስለሚቀር ሰውነት አይቀዘቅዝም፤ ውሃው ስላለቀ ደሙ ይወፍራል፤ የሰውነት ሙቀት ይወጣል፣ ልብና ኩላሊት ይደክማሉ።

ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ ማኅበር ሕጉን ቀየረ። ሳውና፣ የላስቲክ ልብስ፣ የሚያሸናና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ተከለከሉ። በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ሽንቱ ተመርምሮ ውሃ ያልጎደለው መሆኑ ይረጋገጣል፤ የሰውነቱ ስብ ተለክቶ ከ5 በመቶ በታች የማይወርድበት ዝቅተኛ ክብደት ይወሰንለታል፤ በሳምንት ከክብደቱ 1.5 በመቶ በላይ መቀነስ አይፈቀድለትም። ሚዛኑም ወደ ግጥሚያው ሰዓት ስለተጠጋ ውሃ አጥቶ መመዘን ጥቅሙ ጠፋ።

ይህን በሚዛን ቋንቋ እናስቀምጠው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሳምንት ሊቀንስ የሚችለው 900 ግራም ነው። 57 ኪሎ ምድብ ለመግባት 3 ኪሎ መቀነስ ካለበት ከሦስት ሳምንት በላይ ያስፈልገዋል፤ አሰልጣኙ በአራተኛው ሳምንት ዋዜማ ቢነግረው ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው። የሚቀነሰው ከዘይትና ከስኳር፣ ከለስላሳና ከማታ ቂጣ ወይም ብስኩት ነው፤ ከሽሮውና ከምስሩ አይደለም፤ ፕሮቲኑ እዚያ ነው። ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ከፍ ባለው ምድብ መፋለም ነው።

አዳማ ሞቃት ናት፤ ሜዳው ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ቡድን ሳውና አያስፈልገውም፣ ሳውናው አየሩ ነው። ሶደሬ ቅርብ ስለሆነ «ፍል ውሃ ገብቼ ላቤን ላውጣ» የሚል ልጅ ይኖራል፤ ለድካም ማገገሚያ ከሆነ፣ ጠጥቶና በልቶ ከሆነ ይሂድ፣ ለሚዛን ከሆነ ግን አሰልጣኙ ይከልክል። ልጁን ከልምምድ በፊትና በኋላ መዝነው፤ 1 ኪሎ ከቀነሰ የቀነሰው ውሃ ነው፣ ስለዚህ እስከ ማታ 1.25 እስከ 1.5 ሊትር ቀስ በቀስ መጠጣት አለበት። በልምምድ መሐል በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ሽንቱ እንደ ጠጅ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል። ላቡ ድንገት ያቆመ፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባጥር ልጅ ካየህ ልምምዱ አልቋል፦ ጥላ ውስጥ አስገባው፣ ልብሱን አውልቅ፣ ውሃ ሙሉ ሰውነቱ ላይ አፍስስ፣ እያራገብክ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው። አእምሮው ካልተረጋጋ በአፉ ምንም አትስጠው።

ዘጠኝ ዋንጫ፣ ከዚያ 1987

ዘጠኝ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ ቡድኑ ለአሥረኛው ሲዘጋጅ በመለያው ላይ የሮማውያን አሥር ቁጥር የሆነውን «ኤክስ» ምልክት አደረገ። ዋንጫውን ጌብል ራሱ የተማረበት አዮዋ ስቴት ወሰደው። ከ1988 እስከ 1990 በነበሩት ሦስት ዓመታትም ዋንጫ አልመጣም።

ከ1970 ጋር ያለው መመሳሰል ያስደንቃል። ያኔ ገና ያልመጣውን ድል በካሜራ ፊት ያወጀ ወጣት ነበር፤ በ1987 ደግሞ ገና ያልመጣውን ቁጥር ደረቱ ላይ የለጠፈ ቡድን። ምልክቱ ብቻውን ሰው አይጥልም። ነገር ግን ለሌላው ቡድን ሁሉ አንድ ዒላማ ሰጠው፣ ልክ ለኦዊንግስ እንደሰጠው። ብዙ አሰልጣኞች በራሳቸው ስፖርተኝነት ዘመን የተማሩትን ትምህርት በቡድን ደረጃ እንደገና ይከፍሉበታል፤ የግል ልምድ ሳይጻፍና ሕግ ሳይሆን ከቀረ የሚሆነው ይህ ነው። አዳማ ላይ ዋንጫ ሳይመጣ ባነር የሚያሠራ ክለብ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለናል።

ከዚያ የተመለሰው አሮጌዎቹን ልጆች በመጫን አልነበረም፤ አዲስ ትውልድ አሳድጎ ነው። ብራንድሶች የነበሩበት ቡድን 1991ንና 1992ን ወሰደ፤ እነርሱ ከጨረሱ በኋላም ቡድኑ 1993ን ደገመ። በ1994 ያቋረጠው የኦክላሆማ ስቴት አሰልጣኝ ጆን ስሚዝ ነው፤ እርሱም የ1988 እና የ1992 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን። በኋላ የመጣው ኬል ሳንደርሰን፣ በኮሌጅ 159 ለ 0 የጨረሰና በ2004 ወርቅ ያገኘ፣ ከ2009 ጀምሮ ፔን ስቴትን ወደ ተከታታይ ዋንጫዎች መርቷል፤ የእርሱ ክፍል ደግሞ በጨዋታና በደስታ ይታወቃል። ሦስቱም የኦሊምፒክ ወርቅ አላቸው፣ ሦስቱም ያሰለጠኑበት መንገድ የተለያየ ነው። የሚያገናኛቸው ሜዳሊያቸው ሳይሆን እኩያ አጋሮች የሞሉት ክፍል መገንባታቸው ነው።

1997

በመጨረሻው ዘመኑ የጌብል አካል ሂሳቡን አቀረበ። የዳሌው መገጣጠሚያ አልቆ በ1997 መጀመሪያ ላይ ሰው ሠራሽ ዳሌ ተተካለት። ለ20 ዓመት ምንጣፍ ላይ ወርዶ በእጁ የሚያሳይ የነበረው ሰው፣ በማርች ወር በሴዳር ፎልስ በተደረገው የአገር ውድድር በክራንች ተደግፎ ከምንጣፉ ጠርዝ ተቀመጠ። ከዚያ ውድድር በኋላ አሰልጣኝነቱን አቆመ።

ቡድኑ በዚያ ውድድር አምስት የግል ሻምፒዮን አወጣ፣ 170 ነጥብም ሰበሰበ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በውድድሩ ታሪክ ማንም ያላገኘው ነጥብ ነበር።